«ተጠናቋል» የሚለው ማን ነው?

እናቴ እስክትሞት ድረስ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ኮምፒውተር ላይ ሰው ታስገባለች፣ ሰው ታስወጣለች» ትል ነበር። አንዲት የሰባተኛ ሰፈር ጎረቤታችን ይህን ሰምታ ለልጇ ፓስፖርት እንዳፋጥንላት ልትለምነኝ ቤታችን ድረስ መጣች። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እናቴ ተቆጣች፤ «ምን ያስቅሻል? እኔ ካልቻልኩበት አንቺ በደንብ አስረጃት!» አለችኝ። አስረዳኋት። ሴትዮዋ ራሷን እየነቀነቀች እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «እሺ፣ ታዲያ ፓስፖርቱ መቼ ይደርሳል?» አለች።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ጊዜ አለኝና እስኪ እንደገና ልሞክር።

የሠራሁት ሕንፃ በሚገነባ ድርጅት ውስጥ ነው። አንድ ሕንፃ ሲሠራ ከቁፋሮው እስከ መጨረሻው ቀለም ያለው ሥራ ሁሉ የሚመዘገብበት የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፤ ማን እንደሚሠራው፣ መቼ ማለቅ እንዳለበት፣ ከየትኛው ሥራ ቀጥሎ እንደሚመጣ። እኛ «ሲስተሙ» እንለዋለን። ኢንጂነሩ በላፕቶፑ ይከፍተዋል፣ ፎርማኑ በስልኩ፣ የሕንፃው ባለቤትም ሱቁ ቁጭ ብሎ። ታዲያ ሁሉም ሰው ሁሉን ማየት የለበትም፤ ያየውን ሁሉ መለወጥ ደግሞ ጭራሽ የለበትም። ማን ምን ይይ፣ ማን ይጻፍ፣ ማን አንድን ሥራ «ተጠናቋል» ብሎ ይዝጋ የሚለውን ፈቃድ የማዋቅረው እኔ ነበርኩ። እናቴ እንዳለችው ነው፤ አስገባለሁ፣ አስወጣለሁ።

አስቤበት የገባሁበት ሥራ አይደለም። አባቴ ከወሎ መጥቶ መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔ ደግሞ ትምህርቴን ስጨርስ የታይፕ ጽሕፈት ተማርኩና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቢሮ በነበረው በዚህ ድርጅት ተቀጠርኩ። ከዓመታት በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ የጽሕፈት መኪናዎቹ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄዱ፣ እኔ ወደ መዝገብ ቤት። ዝቅ ያደረጉኝ መስሎኝ አልቅሻለሁ። መዝገብ ቤቱ የፀሐይ ብርሃን የማይገባበት፣ እስከ ጣሪያ ድረስ ፕላን የተደረደረበት ክፍል ነበር። ኃላፊው ጋሼ ለማ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በግንቦት ሙቀት እንኳ ከኮታቸው ሥር ሹራብ የማያወልቁ ሰው። ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።

ጋሼ ለማ አንድ ሰው ፕላን ሲጠይቃቸው «የለም» ወይም «አለ» አይሉም። መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ይጠርጉና «ምን ልትሠራበት ነው?» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ሰው ማጉላላት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ኢንጂነር የአንድ ሕንፃ ፕላን ሙሉውን እንዲሰጡት ጠየቀ። «ምን ልትሠራበት ነው?» አሉት። የደረጃውን ከፍታ ሊያይ ነው። ጋሼ ለማ አንዲት ወረቀት ብቻ አውጥተው ሰጡት። ኢንጂነሩ ፊቱን አጨፍግጎ ወጣ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው፣ «ሙሉውን ብሰጠው ኖሮ አሮጌውን ያገኝና በአሮጌው ይሠራ ነበር። የሚበቃውን ሰጠሁት። አልነፈግሁትም» አሉኝ።

አንድ ፕላን በአዲስ ሲተካ የአሮጌውን አንድ ጠርዝ በመቀስ ሰያፍ አድርገው ይቆርጡታል። «ይኼ ቢሮ መብራት ይጠፋበታል፤ በእጅሽ ስትዳስሺው የሞተ መሆኑን ማወቅ አለብሽ» ይሉኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ሳይት ይሄዳሉ። ማንም አላዘዛቸውም። የሰጡት ወረቀት ማን እጅ እንዳለ፣ ማን እንደሚያነበው፣ ሲሚንቶ ላዩ ላይ ተደፍቶበት እንደሆነ አይተው ይመለሳሉ። አንዳንድ ጊዜ አብሬ እሄድ ነበር። ከአናጺዎቹ ጋር ጣውላ ላይ ይቀመጡና ሥራቸውን ዝም ብለው ያያሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ሰውየው ሲሠራ ሳላየው ምን እንደሚያስፈልገው በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

ሲስተሙ የመጣው እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ያመጣው አዲሱ የፕሮጀክት ኃላፊ ኢንጂነር ዳዊት ነበር፤ ፈጣን፣ ሥራ ወዳድ፣ ሲራመድ የሚሮጥ የሚመስል ወጣት። «ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ ስጪ፣ እትዬ ዘይነብ። ዘመናዊ አሠራር ግልጽነት ነው!» አለኝ። ሰጠሁ። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ቀያሽ የራሱን አንዲት መስመር እሰርዛለሁ ብሎ የአንድ ሕንፃ የመሠረት ሥራ በሙሉ ከነቅርንጫፉ ሰረዘው። በስንት መከራ ተመለሰ። ዳዊት ላቡን እየጠረገ መጣና «ከእንግዲህ ለማንም እንዳትሰጪ!» አለኝ። ከሁሉም ወደ ማንም፣ በአንድ ጀምበር።

ጋሼ ለማ ማውሱን አንድ ቀን እንኳ አልነኩትም፤ ግን ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ይኼንን ፎርማኑ ሲከፍተው ምን ያያል?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ። እኔ አስተዳዳሪ ስለሆንኩ ሁሉንም ነው የማየው።»

«እንግዲያው ዕውር ነኝ በይኛ! ሁሉን የሚያይ ሰው ሌላው ምን እንደማያይ በምን ያውቃል?»

ልክ ነበሩ። ስለዚህ አንድ የሌለ ሰው ፈጠርን። ስሙን «አቶ ማንም» አልነው። የራሱ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ነበረው። ለፎርማኖች ፈቃድ ሳዋቅር በመጀመሪያ አቶ ማንምን ፎርማን አደርገዋለሁ፤ ከራሴ ወጥቼ በእሱ ስም እገባና እሱ የሚያየውን አያለሁ። ለግዢ ክፍል ሲሆን ግዢ ክፍል አደርገዋለሁ። የማይታየው መታየቱን፣ መከፈት ያለበት መዘጋቱን የማውቀው እንደዚያ ነው። በኋላ እንደሰማሁት በዚህ ሥራ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያደርጋል። እኛ ግን ከማንም ሳንሰማ ነው የደረስንበት።

አንድ ጊዜ ታዲያ አንድ ኢንጂነር ተሳስቶ የቧንቧ ሥራ ለአቶ ማንም መድቦለት ኖሯል። ሥራው ዘገየ። በሰኞ ስብሰባ ኢንጂነሩ ተነስቶ፣ «ይህ አቶ ማንም የሚባል ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ነው የሚያስቸግረኝ! ስልኩን አያነሳም፣ ስብሰባም አይመጣም!» አለ። ጋሼ ለማ መነጽራቸውን እየጠረጉ «ጠባዩ ነው፤ ድሮም እንዲሁ ነው» አሉ። ስብሰባው በሳቅ ተበተነ ማለት ይቻላል።

ከዚያ እሳቸው ጡረታ ወጡ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ የሐጂ ነስሩ ሕንፃም መጣ።

ሐጂ ነስሩ ከስልጤ በወጣትነታቸው መጥተው፣ ጨርቅ ተሸክመው እያዞሩ ከመሸጥ ተነስተው መርካቶ ዱባይ ተራ ውስጥ ትልቅ ጨርቅ አስመጪ የሆኑ ሰው ናቸው። አሮጌ ሱቆቻቸውን አፍርሰው በቦታው ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ሕንፃ ሊያሠሩ ከእኛ ጋር ተዋዋሉ። ሱቁ ፈርሶባቸው ጊዜያዊ የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ የሚነግዱ ተከራዮቻቸውም ሕንፃው እስኪያልቅ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁ ነበር።

ሐጂ ስለ ሲስተሙ ሲሰሙ ሙሉ ፈቃድ ጠየቁ። ዳዊት ማየት ብቻ ይበቃል ቢላቸው፣ «ሕንፃው የማን ነው?» አሉት። ተሰጣቸው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ፕሮግራማችን አበደ፤ የሦስተኛው ፎቅ ኮንክሪት ሳይሞላ የመስተዋት ገጠማ ይጀመራል ይላል፣ ቀለም ከልስን ይቀድማል። ሲስተሙ ማን ምን እንደነካ ይመዘግባልና ስመለከተው ሐጂ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ጽሑፉን ለማጉላት በአውራ ጣታቸው ሲጎትቱ፣ ሥራዎቹን ከነቀናቸው እየጎተቱ ነበር።

ዳዊት «እኔ ሄጄ ፈቃድዎን ልቀንስ አልላቸውም» አለ። እኔ ሄድኩ።

ባልፈረሰው ሱቃቸው ውስጥ ከጨርቅ ጣቃዎቹ መካከል ተቀምጠዋል። ሻጫቸው ለአንዲት ሴት የመጋረጃ ጨርቅ እየለካ ነው። ሰላምታው ከቤተሰብ ጤና እስከ ዝናቡ ድረስ ከሄደ በኋላ፣ «ሐጂ፣ ይህ ልጅ ሲለካ እርስዎ ሜትሩን ይነኩበታል?» አልኳቸው።

«ለምን እነካበታለሁ? ካመንኩት ይለካል፤ ካላመንኩት አሰናብተዋለሁ። ሁለት ሰው የያዘው ሜትር መች ልክ ይመጣል?»

«እኛስ ዘንድ ሜትሩን ይዘውብናል እኮ።» የሆነውን አስረዳኋቸው።

ተቀየሙ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና ስልካቸውን ዘረጉልኝ፤ «እንቺ፣ እንደፈለግሽ አድርጊው። ወላሂ፣ እኔ ኢንጂነሮቹ ሰነፎች ናቸው ብዬ ስማቸውን ሳጠፋ ነበር!»

ልወጣ ስል ግን የጋሼ ለማ ነገር ትዝ አለኝና ተመለስኩ። «ለመሆኑ ሐጂ፣ ሲስተሙን ምን ሊያዩበት ነበር የፈለጉት?» አልኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ባለቤታቸው ጉልበቷን ያማታል፤ መጥታ ማየት አትችልም። ማታ ማታ ሕንፃው የት እንደደረሰ ሊያሳዩዋት ነው። ቀንም፣ ፐርሰንትም አልፈለጉም። በሳይቱ የተነሳው ፎቶ ብቻ በትልቁ የሚታይበት ገጽ አዘጋጀሁላቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ፈቃድ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም።

በዚያ ሥራ ኮርቼ ነበር። ምናልባት ብዙ ኮርቼ ይሆናል፤ ምክንያቱም የከበደኝ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ሕንፃ ነው።

እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ፎርማን የራሱን ሥራ ሲጨርስ በስልኩ ይዘጋ ነበር። ይረሳሉ፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ እንግሊዝኛው ይከብዳቸዋል። ሪፖርቱ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ዳዊት አንድ መፍትሔ አመጣ፤ የሳይት ቢሮ ጸሐፊዋ ሰላማዊት ፎርማኖቹን ማታ ማታ በስልክ እየጠየቀች እሷ ትዝጋ፣ እነሱ ማየት ብቻ ይኑራቸው። «አንድ እጅ፣ ንጹሕ ሪፖርት» አለ። እኔም ተስማማሁ። የፈቃድ ሠንጠረዡ አጠረ፣ አማረ። በአቶ ማንም ስም ገብቼ ሞከርኩት፤ ሁሉም እንደታሰበው ይሠራል። ያላደረግሁት አንድ ነገር ቢኖር ወርጄ ሳይቱን አለማየቴ ነው። ጉልበቴም፣ የመርካቶ ግፊያም፣ ሁሉም ሰበብ ሆኑኝ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ልስን በሚያልቅበት ዕለት ሰላማዊት ለፎርማኑ ደወለች። የኮንክሪት ማቡኪያው እየጮኸ ነው። እሱ «እየጨረስን ነው» አለ፤ እሷ «ጨርሰናል» ብላ ሰማች። ዘጋችው። ሲስተሙ ደግሞ እኔ እንዳዋቀርኩት ለኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ ወዲያው መልእክት ላከ፤ ፎቁ ነፃ ነው፣ መስመሩን መሞከር ይቻላል። ኤሌክትሪሺያኑ ወጥቶ ማየት ነበረበት። አላየም። ስልኩ ነፃ ነው ብሎታል።

ከድር የሚባል ለሳኝ ጥግ ላይ፣ በግድግዳው ክፍት የመብራት ሳጥን ዙሪያ የቀረችውን ልስን በእርጥብ እጁ እያለሰለሰ ነበር። መብራቱ ተለቀቀ። ከቆመበት ጣውላ ላይ አሽቀንጥሮ ጣለው።

እኔ ቢሮ ነበርኩ። ስልኩ ሲደወልና ሰው ሲንጫጫ ሳላስበው ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ሄደ። ሁለተኛው ፎቅ አረንጓዴ ነበር፤ «ተጠናቋል» ማለት ነው። ሰው ወድቆበት፣ አረንጓዴ።

አላህ አተረፈው። ቀኝ እጁ ተቃጠለ፣ አንጓውም ተሰበረ። ሕክምናውን ድርጅቱ ቻለ። ከድር የልጆች አባት ነው፤ በእጁ የሚያድር ሰው ነው። ሆስፒታል ስንሄድ ባለቤቱ ለእኛ ወንበር ስትፈልግ ማየት ከባድ ነበር።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ጥያቄው ሁሉ ሰላማዊት ላይ ወረደ፤ ለምን አላጣራሽም፣ እንዴት አልሰማሽም። ልጅቷ ማልቀስ እንኳ አቅቷት ወለሉን ታያለች። መናገር አልወድም፤ ያን ቀን ግን ተነሳሁ።

«እሷ ያልሠራችውንና ያላየችውን ሥራ እንድትዘጋ ፈቃድ ሰጥተናታል። የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ የተስማማነው ሁላችን ነን። ዛሬ እሷን ብናባርር ነገ በቦታዋ የምትቀመጠውም እንደዚሁ በስልክ ሰምታ ነው የምትዘጋው» አልኩ።

ዳዊት እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ «ሐሳቡ የእኔ ነው» አለ። ልጁ ተንኮለኛ አልነበረም። ከሆስፒታሉ አልጠፋም፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጺሙ አድጎ ነው የከረመው።

እኔ ግን ጭንቀቴ አልለቅ ሲለኝ ጋሼ ለማ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ሹራቡ ግን አለ። ሁሉን ነገርኳቸው። ፈቃዱን እንዴት እንደምለውጥ አንድ በአንድ ስዘረዝርላቸው ሰሙኝና፣

«የተጎዳውን ልጅ ጠየቃችሁት?» አሉ።

«ከሆስፒታል መች ጠፋን ጋሼ፣ በየጊዜው...»

«ጤናውን አላልኩሽም። ነገሩ እንዴት ይሁን ትላለህ ብላችሁ ጠየቃችሁት?»

አልጠየቅነውም። እንኳን ልንጠይቀው ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

ከድር ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ተኝቶ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ጠየቅሁት።

«እትዬ ዘይነብ» አለ ጣራ ጣራውን እያየ፣ «እጄ የአላህ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኔ እዚያው ቆሜ እየሠራሁ፣ ሌላ ሰው ‹ጨርሷል› አለልኝ። ሁለተኛ ማንም በእኔ አፍ እንዳይናገር።»

አዲሱ ፈቃድ የተሠራው በዚያች ቃል ላይ ነው።

ወደ ሳይት ወረድኩ። ቢሮዬን ትቼ ሳይቱ ላይ ባለው የኮንቴይነር ቢሮ ውስጥ ከረምኩ። ጠዋት ከተሸካሚዎቹና ከአይሱዙዎቹ ጋር እየተጋፋሁ እገባለሁ፤ ቀኑን ከፎርማኖቹ ጋር እውላለሁ። ስልካቸውን በየት ኪሳቸው እንደሚይዙ፣ እጃቸው ሲሚንቶ ሲሆን በምን ጣታቸው እንደሚነኩት፣ የትኛው ጥግ ላይ ኔትወርክ እንደማይደርስ አየሁ። የእንግሊዝኛዎቹን ቃላት አወጣሁና በአማርኛ ተካኋቸው፤ «አልተጀመረም»፣ «ሰው አለበት»፣ «ተጠናቋል»። «ሰው አለበት» የምትለውን ከፎርማኖቹ አንዱ ነው የሰጠኝ። እኔ «በሂደት ላይ» ብዬ ነበር፤ «ሂደት መብራት አይዘውም እኮ እትዬ፣ የሚይዘው ሰውን ነው» አለኝ።

ዋናው ለውጥ ግን ይህ ነው፤ አንድን ሥራ መዝጋት የሚችለው እሱን የሚሠራው ሰው ብቻ ሆነ። ጸሐፊዋ አትችልም። ኢንጂነሩም አይችልም። መብራት ከመለቀቁ በፊት ደግሞ ፎቁን ዞሮ አይቶ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ይመደባል፤ እሱ ካልዘጋ የኤሌክትሪኩ ሥራ አይከፈትም።

ዳዊት ሠንጠረዡን ሲያይ፣ «ቢረሱስ?» አለኝ።

«ከረሱ ሥራው ይቆማል፤ እኛም ሄደን እንጠይቃቸዋለን።»

«ይዘገያል።»

«አዎ፣ ይዘገያል።»

ሠንጠረዡን መለሰልኝና «አድርጊው» አለ።

ከድር ሲመለስ እጁ የልስን መሣሪያ አጥብቆ መያዝ አልቻለም። ፎቁን ዞሮ የሚያረጋግጠው ሰው እሱ ይሁን ያለው ዳዊት ነው፤ እኔ አይደለሁም። የዚህን በጎ ነገር ምስጋና ለዳዊት መስጠት አለብኝ። ከድር በግራ እጁ ስልክ መንካት ተለማመደ። ሲዞር ቀስ ብሎ ነው፤ እያንዳንዱን በር ይከፍታል፣ እየተጣራ ይገባል።

ፈተናው የመጣው ለረመዳን ገበያ ነው። ሐጂ ለተከራዮቻቸው ምድር ቤቱን አስረክባችኋለሁ ብለው ቃል ገብተዋል። በተባለው ቀን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰዉ ሁሉ በር ላይ ተሰበሰበ፤ አንዳንዶቹ ዕቃቸውን አስጭነው መጥተዋል። ግፊያው መንገድ ዘግቷል፤ ሾፌሮቹ ይጮኻሉ። መብራት ይለቀቅ ሲባል የኤሌክትሪኩ ሥራ ሲስተሙ ላይ አልተከፈተም። ምድር ቤቱ ላይ «ሰው አለበት» ይላል።

ዳዊት እየሮጠ ኮንቴይነሩ ገባ።

«እትዬ ዘይነብ፣ አድሚን ነሽ፤ ዝጊልኝ። ሐጂ በር ላይ ቆመዋል።»

«ከድር የት ነው?»

«ውስጥ ነው፤ እየዞረ ነው። ስልኩን አያነሳም።»

«እንግዲያው ገና አልጨረሰም።»

«ባዶ ነው እኮ! አሁን በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት!»

እጄ ማውሱ ላይ ነበር። አስተዳዳሪ ስለሆንኩ እችል ነበር፤ አንዲት ጠቅታ ናት። ውጭ የሰዉ ጩኸት ይሰማኛል። ዳዊት አለቃዬ ነው፣ ሰውየው ባለንብረት ናቸው፣ እኔ ጡረታ የደረስኩ ሴት ነኝ። እጄን አነሳሁና ጉልበቴ ላይ አደረግሁት።

«አልዘጋም» አልኩት። «ባዶ መሆኑን ካየህ ሂድና ለከድር ንገረው።»

ወዲያው ሐጂ በሩ ላይ ቆሙ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፤ ላብ ግንባራቸው ላይ ወጥቷል።

«ምንድን ነው የሚጠበቀው?» አሉ።

«ውስጥ ያለው ሰው ነፃ ነው ይበለን ብለን ነው ሐጂ።»

«ማነው ሰውየው?»

«ከድር ነው። ያ መብራት የያዘው።»

ሐጂ ወደ በሩ፣ ወደ ሰዉ ዞረው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ገቡና ጥግ ያለው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ጋቢ እንኳ ሳይነጠፍላቸው በዚያ በነጭ ልብሳቸው ተቀመጡ። «እንግዲያው እንጠብቀዋ» አሉ። ዳዊትም ቆሞ ቆይቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

ከድር ሲወጣ ብቻውን አልነበረም። ከኋላው አንድ ቀለም ቀቢ ይከተለዋል፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ። በስተጀርባ ባለው መጸዳጃ ክፍል፣ በሩን ዘግቶ ሙዚቃ እየሰማ ውኃ በሞላበት ወለል ላይ ብሩሹን ሲያጥብ ነው ያገኘው። ከድር ሲጣራ አልሰማም። ዳዊት ሰውየውን አየ፤ እርጥብ እጁንና እርጥብ እግሩን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ አንገቱን አቀረቀረ።

ከድር ስልኩን በሸሚዙ ጠረገና በግራ አውራ ጣቱ ነካው። «ተጠናቋል።»

ምድር ቤቱ በአንድ ጊዜ በራ። ውጭ ያለው ሰው እልል አለ። ከድር መብራቱን ቀና ብሎ አላየውም፤ ወደ ቀለም ቀቢው ዞሮ «ሂድ፣ ልብስህን ቀይርና ሻይ ጠጣ» አለው። ሐጂ ተነሱ፤ ጀርባቸው ሁሉ ሲሚንቶ ነው። ከድር ዘንድ ሄደው የታመመ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ ድርጅታችን በሠራው ሕንፃ ሁሉ ፈቃድ የሚዋቀረው እንደዚያ ነው። ዳዊት ራሱ አዲስ ኢንጂነር ሲመጣ ያስተምረዋል፤ የራሱ ግኝት አስመስሎ ሲናገር እሰማዋለሁ፣ ደስ ይለኛል። ሥራዬን እወደው ነበር። ደመወዙ አላበለጸገኝም፤ የጡረታ ወረቀቱም ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው አመላልሶኛል፤ ግን ጠዋት ስነሳ ከብዶኝ አያውቅም። ጋሼ ለማን ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አሁንም ይጠይቁኛል፤ እኔም እጠይቃቸዋለሁ።

ቦታዬን እንድትይዝ የመረጥኳት ሰላማዊትን ነው። አንዳንዶች «ያቺ ልጅ?» ብለው ነበር። ያን ሁሉ ካየችው ከያቺ ልጅ በላይ «ተጠናቋል» የምትለውን ቃል የሚፈራ ሰው ይገኛል ብዬ አላምንም።

በመጨረሻው ቀን የእኔን ፈቃድ ማንሳት ብቻ ቀረ። ሲስተሙ አስተዳዳሪን ራሱን በራሱ እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ ሌላ አስተዳዳሪ መሆን አለበት። ሰላማዊት እጇን ማውሱ ላይ አድርጋ ቀረች።

«እትዬ ዘይነብ፣ እኔ እርስዎን ላስወጣ? ማየት ብቻ ልተውልዎት፣ በአላህ።»

«ምን ላይበት?» አልኳት። «ከእንግዲህ አይቼ የምሠራው የለኝም። ንኪው።»

ነካችው። ሲስተሙ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት። ወደ እኔ ዞረች። «የጠየቀው አንቺን ነው» አልኳት። አዎ አለች፤ ስሜም ከዝርዝሩ ጠፋ። ተቃቀፍን፤ እሷ አለቀሰች፣ እኔ አላለቀስኩም።

ቦርሳዬን አንስቼ በሩ ጋ ስደርስ አንድ አዲስ ኢንጂነር ላፕቶፑን ታቅፎ እየሮጠ መጣና፣ «እትዬ ዘይነብ፣ እንኳን አልሄዱ! አምስተኛው ፎቅ አልከፈትልኝ አለ» አለኝ።

«እሷን ጠይቃት» አልኩት፤ «እኔ እዚህ ምንም ፈቃድ የለኝም።»

ወጣሁ። ያን ሁሉ ዘመን መርካቶን የማውቃት እየተጋፋሁ፣ ሰዓት እያየሁ፣ ወደ ሥራ ወይም ከሥራ ስሮጥ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በቀስታ ሄድኩ። አንድ ሱቅ ፊት ቆምኩ፣ ከዚያ ሌላው ፊት። የምንጣፍ ዋጋ ጠየቅሁ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ዋጋ ጠየቅሁ። አንዱ ሻጭ፣ «እማማ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ሊያዩ?» አለኝ።

«ላይ ነው ልጄ» አልኩት። ወንበር ሰጠኝ።